መርዶ ነጋሪዋ ሽርሽር ስትወጣ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ብሎክ አሥራ አራት የምትኖር፣ እንዳለች የምትባል ሴት ጠዋት የሰው በር አታንኳኳም። ጨው ቢያልቅባት፣ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው በደረጃ ቢወርድ እንኳ ቢያንስ ሦስት ሰዓት እስኪሆን ትጠብቃለች። አንድ ጊዜ ተሳስታ፣ ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ አራተኛ ፎቅ ያለችውን ጎረቤቷን «ጋዝ ጋዝ አይሸትሽም?» ብላ ልትጠይቅ አንኳኳች። ሴትየዋ በሩን ከፍታ የእንዳለችን ፊት ስታይ አንድ ቃል ሳትጠብቅ «ወንድሜን!» ብላ ጮኸችና መሬት ላይ ተዘረረች። ወንድምየው ምንም አልሆነም፤ ዛሬም ድረስ ሜክሲኮ አካባቢ ጫማ ይሸጣል። እንዳለች ግን ከዚያ ወዲህ ጋዝ ቢሸታትም መስኮት ከፍታ መቀመጥን መረጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዳለች የግቢው እድር መርዶ ነጋሪ ናት። ማንም በስብሰባ አልሾማትም። አብነት ሰፈር ትንሽ የዩኒፎርም ስፌት ቤት ያላት፣ ከጣቷ ላይ ጠመኔ የማይጠፋ፣ የአርባ አንድ ዓመት ሴት ናት። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ግን ለአንዲት እናት የልጇን ሞት የሚነግራት ጠፍቶ፣ ሽማግሌዎቹ ደረጃ ላይ ቆመው «አንተ ግባ፣ አንተ ግባ» ሲባባሉ፣ እሷ በመካከላቸው አልፋ ገባችና የሴትየዋን እጅ ይዛ በዚያ በማይቸኩል ድምፅዋ ነገረቻት። በዚያው ሥራው የእሷ ሆኖ ቀረ። አሁን የእድሩ ሊቀመንበር አቶ በሱፍቃድ ንግግሩን ይጀምራሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ዘወር ብለው ያይዋታል። የቀረውን እሷ ትጨርሰዋለች።

ለዚህ ሥራ ተተኪ ያስፈልጋል ብላ ፊት ለፊቷ የምትኖረውን ሰሚራን ሁለት ዓመት ሙሉ ስታስተምር ከርማለች። ሰሚራ ልቧ ሩኅሩኅ ነው፤ ችግሩ ፊቷ ሁሉንም ነገር ይናገራል።

«በስልክ መርዶ አይነገርም» ትላታለች እንዳለች። «ሰው አገር ላለ ሰውማ ጭራሽ። ማን ይይዘዋል? ማን ውሃ ያቀብለዋል? አገሩ ይግባ፣ ወገኑ መካከል ይቀመጥ።»

«ከደወለና ከጠየቀስ?»

«ስትጠየቂ ጠይቂ። 'እገሌስ?' ሲልሽ 'አንተ ምን በላህ?' በይው። 'ደህና ነው' ማለት ካለብሽ ደግሞ አንዴ ብቻ በይ። ሁለቴ 'ደህና፣ ደህና' ካልሽ አለቀ፣ ሞቷል ብለሽ ነገርሽው ማለት ነው። ሕፃን ካለ ከስልኩ አርቂው፤ ሕፃን አይዋሽም። በመኪና ከሆነ የምታመጪው፣ መካከል አስቀምጪው። ዳር ካስቀመጥሽው በር ከፍቶ ይወረወራል።»

ሰሚራ እየሰማች ታለቅሳለች። ገና ማንም ሳይሞት!

ይህችው እንዳለች ናት ባለፈው ኅዳር ከባሏ ጋር ዱባይ የሄደችው።

ባሏ ሞቱማ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሻጭ ነው። ድርጅቱ የዓመቱ ምርጥ ሻጭ ብሎ ሸለመው፤ ሽልማቱ የአምስት ቀን የዱባይ ጉዞ ለሁለት ሰው። ልጅ አይጨምርም። የእንዳለች የመጀመሪያ መልስ አጭር ነበር፤ «አልሄድም» አለች። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ኢሊሊና የስድስት ዓመቱ ቤካ ከተወለዱ ጀምሮ አንድ ሌሊት ተለይታቸው አታውቅም።

እንድትሄድ ያደረጓት እናቷ ናቸው። ወይዘሮ ወለተሰንበት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ የሰባ ሁለት ዓመት ሴት፣ ዕድሜያቸውን በስልክ ኦፕሬተርነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ናቸው። ጡረታው ከሥራ አወጣቸው እንጂ ሥራውን ከእሳቸው አላወጣውም። ሰው ስልክ ይዞ ከሦስት ደቂቃ በላይ ካወራ፣ ከየትም ክፍል ሆነው «ይብቃ፣ መስመር አትያዙ!» ይላሉ። ኢሊሊ «እማማ፣ ኢንተርኔት ነው እኮ፣ መስመር የለውም» ብላ መቶ ጊዜ አስረድታለች። እሳቸው ግን መስመር የሌለው ስልክ አይገባቸውም።

«ሂጂ ነው የምልሽ!» አሏት። «ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አገርን ካገር በሽቦ ሳገናኝ ኖሬ አንዱንም በዓይኔ አላየሁ። ሮምን ስንቴ ይዣለሁ፣ ለንደንን ስንቴ ይዣለሁ! ሄደሽ እይና ስትመጪ ትነግሪኛለሽ። ልጆቹን እኔ እይዛለሁ።»

በዋዜማው እንዳለች ቤካን ፀጉር ቤት ወስዳ ራሱን ሙልጭ አድርጋ አስላጨችው፤ እናቷ ቅማል ሲፈልጉ እንዳይውሉ ብላ። ሐሙስ ጠዋት ልጆቹን ስማ፣ እናቷን ጉልበት ስማ፣ ደረጃውን እያለቀሰች ወረደች። ሞቱማ ሻንጣ ተሸክሞ ከኋላዋ «ለአምስት ቀን እኮ ነው እንዱ፣ ዘመቻ አይደለም» እያለ ይስቃል።

ሐሙስ ማታ ከሆቴሉ በቪዲዮ ደወሉ። ቤካ ስልኩን ወደ አፉ ስላስጠጋው ስክሪኑ ላይ የሚታየው የምትነቃነቅ የፊት ጥርስና ምላስ ብቻ ነበር።

«ማሚ እያት! በምላሴ ስገፋት ትወጣለች!»

«እንዳትነካት፣ እስክመጣ ትቆይልኝ።»

ከጀርባ የታወቀው ድምፅ መጣ፤ «ይብቃ፣ መስመር አትያዙ! እንዳለች፣ ስትመጪ ትነግሪኛለሽ!» ሁሉም ሳቁ። እንዳለች በዚያች ሌሊት፣ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንም ሳይቀሰቅሳት እስከ ጠዋት ተኛች።

ዓርብ ጠዋት የሞቱማ ስልክ ጮኸ። ወንድሙ ፉፋ ነበር። ሞቱማ ስልኩን ይዞ መታጠቢያ ቤት ገባና ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ታጥቧል፣ ዓይኑ ቀልቷል። «ሳሙና ገባብኝ» አላት። የሆቴል ሳሙና መጥፎ ነው ብላ አዘነችለት። ከሰዓት በኋላ በጀልባ ውሃ ላይ ወጡ። ለወፎቹ ዳቦ ስትቆርስ አንዷ ወፍ ከእጇ ላይ ዳቦውን ከነወረቀቱ መንትፋ በረረች። እንዳለች ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሞቱማ ፎቶ አነሳት፤ ደጋግሞ አነሳት። እሱ ይሳቅ አይሳቅ ልብ አላለችም።

በዚያው ማታ ስትደውል ኢሊሊ በድምፅ ብቻ አነሳች።

«ካሜራው እምቢ አለ ማሚ።»

«ቤካስ?»

«እትዬ ሰሚራ ጋ እየተጫወተ ነው።»

«በዚህ ሰዓት?»

«አዎ። አንቺ ምን በላሽ?»

እንዳለች የበላችውን አንድ በአንድ ነገረቻት። ከዘጋች በኋላ አንዲት ትንሽ ነገር ደረቷ ላይ ቁጭ አለች፤ ምን እንደሆነች ግን አላወቀቻትም።

ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ደወለች። ቤካ ተኝቷል ተባለች። ቤካ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ቀን ተኝቶ አያውቅም፤ ሲታመም እንኳ አይተኛም። ወዲያው ለሰሚራ ደወለች። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሳ።

«ሰሚራዬ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው እንዳለችዬ! ኧረ በጣም ደህና ናቸው!»

እንዳለች አንድ የገበያ ማዕከል መካከል፣ ሰው ግራና ቀኝ እየገፋት፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሁለት ጊዜ። ሰሚራ ሁለት ጊዜ አለች። ይህንን ስህተት በሁለት ዓመት ትምህርት ከሰሚራ ማስለቀቅ አልቻለችም ነበር። ከዚያ የዓርቡ «ምን በላሽ?» ተመልሶ መጣ፤ ደረቷ ላይ የተቀመጠችው ነገር ምን እንደነበረች አሁን አወቀች። ኢሊሊ ለጥያቄ በጥያቄ መልሳላታለች። ኢሊሊ፣ ልጇ፣ በእሷ ሕግ!

ኢሊሊ ድምፅዋ ተሰምቷል። ያልተሰማው ቤካ ነው።

ሞቱማ ክንዷን ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጣት። «ምነው?» አላት። «ጫማዬ ነው» አለችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጫማ አስመልክቶ አንድ ነገር ይላት ነበር። ያን ቀን ግን ጎንበስ ብሎ ጫማዋን ፈታላት፤ እዚያው፣ ሰው ፊት። አሥራ አምስት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ሞቱማ ጫማዋን ፈትቶ አያውቅም። እንዳለች የባሏን አናት ከላይ እያየች «እሱም ያውቃል» አለች በልቧ።

ለምን እዚያው አልጮኸችም? ለምን አንገቱን ይዛ «ንገረኝ!» አላለችውም? ሌላ ሴት ብትሆን ታደርገው ነበር። እንዳለች ግን ይህንን ነገር ከበሩ ወዲህም ወዲያም ታውቀዋለች። ብትጠይቅ ይዋሻታል፤ ከዋሻት ውሸቱን ከፊቱ ታነበዋለች፤ ካነበበችው ልጇ ሞተ። ካልጠየቀች ደግሞ ቤካ ልደታ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጥርሱን በምላሱ እየገፋ ነው። መርዶ እስኪነገር ድረስ ሰው አይሞትም፤ እሷ ራሷ ስንቱን ሰው ሦስት ቀን፣ አራት ቀን በሕይወት አቆይታለች። አሁን ልጇን እንዲሁ ልታቆየው ፈለገች።

እሑድ ግን አልቻለችም። ለኢሊሊ «የቤካን ፎቶ አሁኑኑ ላኪልኝ» ብላ ጻፈች። ለረጅም ጊዜ መልስ አልመጣም። ከዚያ ፎቶ መጣ። ቤካ ነጭ ለብሶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ሙሉ ፀጉሩ እንደ ቡቃያ ቆሞ ይስቃል። የጥምቀት ፎቶ ነው። ረቡዕ ዕለት ራሷ ወስዳ ያስላጨችው ልጅ በአራት ቀን ፀጉር አያበቅልም።

ፎቶውን አንድም ጣት ሳታንቀሳቅስ ስታየው ቆየች። ስልኩ በራሱ ጊዜ ጠፋ። ጮክ ብላ ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ እንባው ግን የት እንደገባ ጠፋ። ሰው ሲደነግጥ እንደዚህ እንደሚሆን ሌሎች ላይ አይታለች፤ «አታልቅሺም እንዴ?» የሚሉ ሴቶችን ስንቴ ተቆጥታለች።

ሰኞ የመጨረሻው ቀን ነበር። ሞቱማ ሻንጣ እያሰረ ነው። ለቤካ የገዙትን ባለ ባትሪ ባቡር በጥንቃቄ በልብስ ጠቀለለና ከላይ አደረገው። እንዳለች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አየችውና አፏ ሳታዘው ተከፈተ።

«ሞቱማ፣ ንገረኝ።»

እጁ ባቡሩ ላይ ቆመ። «ምኑን?» አላት።

ጥያቄ በጥያቄ። ሌላ ቃል አላስፈለጋትም። ተነሥታ የቀረውን ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች፤ እሱም ከጎኗ አጣጠፈ።

ማክሰኞ ማለዳ አዲስ አበባ ደረሱ። ለማንም ኑና ተቀበሉን አላሉም ነበር። ከበሩ ሲወጡ ግን አቶ በሱፍቃድ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ አጠገባቸው ፉፋ የመኪና ቁልፍ እያሽከረከረ መሬት መሬት ያያል። አቶ በሱፍቃድ በሕይወታቸው ማንንም ሊቀበሉ ኤርፖርት ሄደው አያውቁም፤ የገዛ ልጃቸው ከካናዳ ስትመጣ እንኳ በታክሲ ነው የመጣችው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ ሰውዬው። ሁለቱንም ጉንጯን ሳሟት።

መኪናው ጋ ሲደርሱ ሞቱማ በሩን ከፈተላት። ልትገባ ስትል አቶ በሱፍቃድ በሌላው በር ዞረው ገቡ። እንዳለች መካከል ሆነች። በቀኝ ሞቱማ፣ በግራ አቶ በሱፍቃድ፣ ጉልበቷ ላይ ደግሞ የባቡሩ ካርቶን። ይህን አቀማመጥ ያወጣችው እሷ ናት። ከስንት ዓመት በፊት አንድ ሰውዬ ከሚሄድ መኪና ሊወርድ ከሞከረ በኋላ ለእድሩ ሰዎች በእጇ እያሳየች አስተምራለች፤ «ሐዘንተኛው እዚህ፣ ጠንካራ ሰው እዚህ፣ ጠንካራ ሰው እዚህ።»

ሜክሲኮ ሲደርሱ ሰዉ ወደ ሥራው ይጣደፋል፤ ታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ፤ ባቡሩ ከላይ አለፈ። ቤካ ባቡሩ ሲያልፍ እስከ መጨረሻው ፉርጎ የሚቆጥር ልጅ ነው። እንዳለች ሳታስበው ቆጠረች። ሞቱማ እጇን ያዘው።

ግቢው ውስጥ ድንኳን የለም። ቢሆንም የመኪና ማቆሚያው ላይ የድንኳን ገመድ የታሰረባቸው ድንጋዮች በአራት ማዕዘን እንደተቀመጡ ነበሩ፤ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮችም ከብሎኩ ጀርባ ተደራርበው ጫፋቸው ይታያል። ድንኳን የሚነሣው ሐዘንተኛው መጥቶ ሳያይ እንዲገባ ነው። ድንጋዮቹንም አንሡ ብላ ስንት ጊዜ ተናግራለች፤ አይሰሟትም።

ሦስቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣች አታውቅም። በሩ ላይ ብዙ ጫማ ተደርድሯል። እንዳለች ቆመችና ዓይኗን በጫማዎቹ ላይ አሳለፈች፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። የወንድ፣ የሴት፣ የሽማግሌ። አንድም ትንሽ ጫማ የለም።

ቤቱ በሰው ሞልቷል። ስትገባ ሁሉም ተነሡ። ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ፍራሽ ተነጥፏል፣ ቴሌቪዥኑ በነጠላ ተሸፍኗል። ኢሊሊ ጥቁር ሹራብ ለብሳ ሰሚራ ጎን ቆማለች። ፊቷ አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ የትልቅ ሰው ፊት ሆኗል። ኢሊሊ አለች። እንግዲያው ቤካ ነው። በቃ፣ ቤካ ነው።

አስቀመጧት። አቶ በሱፍቃድ ፊቷ ቆሙ።

«እንግዲህ እንዳለች… አንቺ ራስሽ የምታውቂው መንገድ ነው። ከእግዚአብሔር የመጣ ነገር…» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልማድ ነውና፣ ዘወር ብለው የሚጨርስላቸውን ሰው ፈለጉ። ዓይናቸው እንዳለች ላይ መጥቶ ቆመ። ሽማግሌው በእሷ መርዶ ላይ እሷን እየጠበቁ መሆናቸው ሲገባቸው ባርኔጣቸው ከእጃቸው ወደቀ።

ሰሚራ ነች የተነሣችው። መጥታ አጠገቧ በርከክ አለች፣ እጇን በሁለት እጇ ያዘች። ያ ሁሉንም ነገር የሚናገር ፊቷ ያን ዕለት ምንም አልተናገረም። ድምፅዋም የሰሚራ አልነበረም፤ የእንዳለች የራሷ ድምፅ ነበር፣ ያ የማይቸኩለው።

«እንዳለችዬ፣ እማማ ወለተሰንበት ዓርብ ጠዋት አርፈዋል።»

«ተመስገን!» አለች እንዳለች።

ቃሉ ከሆዷ ነው የወጣው፤ ጮክ ብሎ፣ ቤቱን ሞልቶ፣ እስከ ደረጃው ድረስ ተሰማ። ቤካ አልሞተም! ቤካ አለ! ፊቷ ላይ ፈገግታ ሁሉ ነበረ። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። አንዷ አሮጊት አማተበች። አቶ በሱፍቃድ ባርኔጣቸውን ሊያነሡ እንዳጎነበሱ ቀሩ። እንዳለች የሰዉን ፊት አንድ በአንድ አየች፤ ለምን እንደዚህ እንደሚያዩዋት አልገባትም። ከዚያ የሰሚራ ቃል የቀረው ግማሽ ደረሰ። እማማ ወለተሰንበት። እማዬ።

«ወይኔ!» ብላ የጮኸችው ሰሚራ ናት። ደረቷን እየመታች፣ ከሐዘንተኛው ቀድማ፣ ከደንቡ ውጪ ጮኸች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ሰሚራ ለምን እንደቀደመች እንዳለች ወዲያው ገባት። ያቺን ቃል ልትሸፍንላት ነው። ሁለት ዓመት ያስተማረቻት ልጅ ያላስተማረቻትን አደረገችላት። እንዳለችም አብራ ጮኸች፤ ግን ጩኸቷ ከቃሏ በኋላ የመጣ ጩኸት ነበር፣ ይህንንም የሰሙ ሁሉ ያውቃሉ።

ረፈድ ሲል ቤካን ከሰሚራ ቤት አመጡት። ራሱ ላይ የስድስት ቀን ፀጉር እንደ አሸዋ ይሻክራል። አቅፋ ጨመቀችው፣ አሸተተችው፤ እስኪንፈራገጥ አልለቀቀችውም።

«ማሚ ጥርሴ ወለቀች!» አላት። «እማማ ግን አላየቻትም፣ ሞታለች። እኔ ላንቺ እንዳልነግርሽ ስልክ ከለከሉኝ።»

«ሕፃን ከስልክ አርቂ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለች ሰሚራ ቀስ ብላ፣ ዓይኗ አብጦ። «ፎቶ ስትይ ደግሞ ሲያለቅስ ውሎ ፊቱ አይታይም ነበር። ኢሊሊ ደንግጣ ያገኘችውን ላከች።»

ሌላ ሰው ላይ ቢሆን እንዳለች ይህንን በአንድ ዓይን ጨረፍታ ትለየው ነበር። የራሷ ልጅ ስለሆነ የራሷን ሕግ ረሳችው።

ሞቱማ ሰው ቀለል ሲል አጠገቧ መጥቶ ቁጭ አለ። ፉፋ ዓርብ ጠዋት እንደነገረው፣ እንዳትነግራት ብለው እንዳስማሉት፣ ቀብሩ በዚያው ቀን በዘጠኝ ሰዓት ልደታ ማርያም እንደተፈጸመ ነገራት።

«በዘጠኝ ሰዓት» አለች እንዳለች። «ዱባይ አሥር ሰዓት ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ጀልባው ላይ ነበርን። ወፏ ዳቦዬን ስትወስድ።»

ሞቱማ አንገቱን ደፋ። «እንዱ፣ ከዚያ በኋላ እስከ መቼ እንደማትስቂ አላውቅም ብዬ ነው ያነሳሁሽ።»

ልትቆጣው ፈለገች። እናቴ አፈር ስትለብስ ጥርሴን ታነሳለህ ወይ ልትለው ነበር። ግን ስንት ሰው በእሷ ምክንያት ወላጁ በተቀበረበት ሰዓት ሠርግ ላይ ጨፍሯል፣ ምሳ በልቷል፣ ስቋል? «ለእነሱ ስንል ነው» እያለች አሥራ አንድ ዓመት ተኝታለች። ፎቶውን አሳየኝ አላለችውም፤ አጥፋውም አላለችውም።

ከሰዓት በኋላ ኢሊሊን ፈልጋ መኝታ ክፍል ገባች። ልጅቷ እማማ ይተኙበት የነበረው አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ብርድ ልብሱ በአራት ታጥፎ ጉልበቷ ላይ ነው።

«አንቺ ነሽ ያገኘሻት?»

«ለትምህርት ቤት ስትቀሰቅሰኝ ጠበቅኳት፣ ቀረች። ስነካት ቀዝቅዛለች። እትዬ ሰሚራን አንኳኳሁ። እኔን ስታይ ገና ሳልናገር ገባት።»

«ኢሊሊ፣ 'ተመስገን' ያልኩት…»

«ገብቶኛል ማሚ። ቤካ መስሎሽ ነው።» ልጅቷ በዚያ በትልቅ ሰው ፊቷ አየቻት። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢኖርባት ይሻል ነበር። «ሌላ ነገር ነው የከነከነኝ። በየቀኑ ደወልሽ። 'ቤካስ?' አልሽ፣ 'አንቺስ?' አልሽ፣ 'ምሳ በላችሁ?' አልሽ። አንድም ቀን 'እማዬስ?' አላልሽም።»

እንዳለች ዓርብን አሰበች፣ ቅዳሜን አሰበች፣ እሑድን አሰበች። የልጇን ቃል አንድ በአንድ መርምራለች፤ ድምፅ፣ ፎቶ፣ ፀጉር። ከጀርባ ሁልጊዜ የሚመጣው ያ ድምፅ ሦስት ቀን ሙሉ አለመምጣቱን ግን ጆሮዋ አልቆጠረውም።

«ፈርቼ ነበር» አለች ኢሊሊ። «መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ስለ እማማ ነው ብዬ መስታወት ፊት ቆሜ መልሱን ስለማመድ ነበር። እንዳላለቅስ። ሃያ ጊዜ ብዬዋለሁ። ሳትጠይቂኝ ቀረሽ።»

«ምን ልትዪኝ ነበር?»

ኢሊሊ ብርድ ልብሱን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገች።

«'ይብቃ፣ መስመር አትያዙ እያለች ነው' ልልሽ ነበር።»

እንዳለች ይህንን ብትሰማ ስቃ ስልኩን ትዘጋ እንደነበር አወቀች። ብርድ ልብሱን ከልጇ እጅ ተቀብላ ፊቷን ቀበረችበት። እናቷን ያለቀሰቻቸው ያን ጊዜ ነው።